የተሰረቀ ላፕቶፕ በሶፍትዌር ይገኛል ወይ?

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ናችሁ! ዛሬ የምናወራው ስለ ላፕቶፕ ሌባ ነው። ማለቴ፣ ስለ ሌባው ሳይሆን ስለ መፈለጊያው። እነዚያ ላፕቶፕ ላይ ጭናችሁ "ቢሰረቅብህ እኔ አገኝልሃለሁ" የሚሏችሁ ሶፍትዌሮች። እውነት ያገኛሉ? አንዳንዴ። አንዳንዴ ማለት መቼ? ቪዲዮው እሱ ነው። ሰብስክራይብ ሳታደርጉ በየጊዜው እያያችሁ የምታልፉ አላችሁ፣ አውቃችኋለሁ፣ በሉ ዛሬ ተጫኑት።

ወደ ሶፍትዌሩ ከመግባቴ በፊት ሌባሻይን ላስታውሳችሁ። አያት ያላችሁ ጠይቁ፣ ወሬውን ያውቁታል። ድሮ እቃ ሲጠፋ ሌባሻይ ይጠራ ነበር። አንድ ልጅ ይመጣል። መድኃኒት ያጠጡታል፣ ጭስ ያስምጉታል፣ ልጁ ራሱን ይስታል። ከዚያ ወገቡን በገመድ አስረው ይለቁታል። ልጁ እየተንገዳገደ ይሄዳል፣ ገመድ ያዡ ይከተላል፣ ሰፈርተኛው በሙሉ በሩ ላይ ቆሞ ያያል፣ ሁሉም በልቡ "የኔን ቤት ብቻ እለፍልኝ" ይላል፣ ያልሰረቀውም ጭምር፣ እንዲያውም ያልሰረቀው ሳይብስበት አይቀርም። ልጁ አንዱ ቤት ይገባና አልጋው ላይ ዘፍ ይላል። በቃ፣ አለቀ። የቤቱ ባለቤት ሌባ ነው፣ ይክፈል።

ማስረጃው? ልጁ ተኝቷላ!

አሁን ሶፍትዌሩን እንደዚያ ልጅ አስቡት። መድኃኒቱ ኢንተርኔት ነው። ኢንተርኔት ካልቀመሰ ከቦታው ንቅንቅ አይልም፣ ሌባው ላፕቶፑን ከፍቶ ዋይፋይ እስኪያገናኝ ድረስ ምንም ወሬ የለም። ገመዱ አካውንታችሁ ነው። ፓስወርዱን የረሳ ሰው ገመዱ ከእጁ አምልጧል፣ ልጁ የት እንደገባ አያውቅም። አልጋው ደግሞ ካርታው ላይ የምታዩት ነጥብ ነው። ጣጣው ያለውም እዚህ ጋ ነው። ነጥቡ አንድ ቤት ላይ ስላረፈ የቤቱ ባለቤት ሌባ ነው ማለት አይደለም።

አጋነንክ እንዳትሉኝ። በፈረንጆቹ 2022 ጃንዋሪ ላይ፣ አሜሪካ ዴንቨር ውስጥ አንድ መኪና ተሰረቀ። ውስጡ ጠመንጃ፣ ገንዘብና አሮጌ አይፎን ነበረበት። የአይፎኑ መፈለጊያ አንድ ሰፈር ጠቆመ። ፖሊስ እስከ አፍንጫው ታጥቆ የአንዲት የ77 ዓመት እናት ቤት መጣ፣ የጋራዡን በር ሰበረ፣ ቤቱን በረበረ። ምንም የለም። እሳቸውም ከሰሱ፣ በ2024 ጁሪው 3.76 ሚሊዮን ዶላር ፈረደላቸው። አፑ እኮ አልዋሸም። ያሳየው ብዙ ቤት የሚነካ ሰፊ ክብ ነበር። ከክቡ ውስጥ አንዱን ቤት የመረጠው ሰው ነው።

እሺ አሠራሩ፣ ቶሎ ቶሎ። ዋይፋይን ታውቁታላችሁ፣ አይፒ ደግሞ ኢንተርኔት ስትገቡ የምትታወቁበት ቁጥር ነው፣ ከዚህ በላይ አልዘበዝብም። አብዛኛው ላፕቶፕ ጂፒኤስ የለውም። ስለዚህ በአካባቢው ያሉትን የዋይፋይ ራውተሮች ይቆጥርና እነ ጉግል፣ አፕልና ማይክሮሶፍት ካላቸው መዝገብ ጋር ያመሳክራል፣ ራውተር ካላገኘ በአይፒ አድራሻ ይገምታል። ዊንዶውስ ውስጡ "ፋይንድ ማይ ዲቫይስ" አለው፣ ከ2015 ጀምሮ፣ ማይክሮሶፍት አካውንትና ሎኬሽን መብራት አለባቸው። ማክ ላይ "ፋይንድ ማይ" አለ፣ ከ2019 ወዲህ ኢንተርኔት ባይኖረውም አጠገቡ በሚያልፉ የአፕል ስልኮች በብሉቱዝ ወሬውን ይልካል። ፕሬይ የሚባል ከቺሊ የመጣ ሶፍትዌር ደግሞ "ጠፍቷል" ስትሉት የካሜራ ፎቶና ስክሪን ሾት ይልክላችኋል። ሌባው ፎርማት ካደረገውስ? ተራው ሶፍትዌር ይጠፋል። የካናዳው አብሶሉት፣ ድሮ ኮምፒውትሬስ ሲባል የነበረው፣ ባዮስ ውስጥ፣ ማለትም ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት በሚሠራው የላፕቶፑ የውስጥ ፕሮግራም ውስጥ፣ ስለሚቀመጥ ሃርድ ዲስኩ ቢቀየር እንኳ ራሱን ዊንዶውስ ላይ መልሶ ይጭናል። በነገራችን ላይ በ2018 የሳይበር ደህንነት ተመራማሪዎች እንዳጋለጡት ሰርጎ ገቦች የዚሁኑ ኩባንያ ሶፍትዌር ነካክተው መሰለያ አድርገውት ተገኙ። ሌባ መያዣውን ሌባ ለበሰው ማለት ነው። እሱ ለብቻው ቪዲዮ ይወጣዋል።

አሁን ወደ ስክሪን ሾት ልሄድ ነበር፣ ግን ኮሜንት ላይ አንድ ነገር እየተደጋገመ ስለሆነ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። "አይፒውን ካገኘሁ ቤቱን አገኘሁ አይደል?" አይደለም! አይደለም ጎበዝ። አይፒ አድራሻ የቤት ቁጥር አይደለም። አድራሻ ስለተባለ በር ላይ የተለጠፈ አይምሰላችሁ። በሞባይል ዳታ ስትጠቀሙ እናንተና ሌላ ብዙ ሕዝብ በአንድ የአይፒ አድራሻ ልትወጡ ትችላላችሁ፣ ካርታው ላይ "አዲስ አበባ" ይላችኋል፣ እሺ አዲስ አበባ፣ ከዚያስ? ኮልፌ ነው ሲኤምሲ?

አንድ እውነተኛ ታሪክ ልንገራችሁ፣ በጣም ነው የምወደው። ማክስማይንድ የሚባል የአሜሪካ ኩባንያ አለ፣ "ይሄ አይፒ እዚህ ቦታ ነው" የሚል መረጃ ይሸጣል። አሜሪካ ውስጥ መሆኑን እንጂ የት እንደሆነ ያላወቀውን አይፒ ሁሉ ምን ሲያደርገው ኖረ መሰላችሁ? የአገሪቱ መሃል አካባቢ ላይ አስቀመጠው። መሃሉ ካንሳስ ነው፣ ፖትዊን የምትባል ሚጢጢ ከተማ አጠገብ፣ የሰው እርሻ ላይ። ከ600 ሚሊዮን በላይ አይፒ አንድ እርሻ ላይ! ለዓመታት ፖሊሱ፣ የግብር መርማሪው፣ የተጭበረበረው፣ ሁሉም እየመጣ የዚያን ቤት በር ያንኳኳል። የቤቱ ሰዎች ምንም አያውቁም። ነገሩ በ2016 በጋዜጠኛ ሲጋለጥ ኩባንያው ነጥቡን ወደ ሐይቅ መሃል አዛወረው። አሁን ሌባ ፈላጊው ዋና መቻል አለበት።

ታዲያ አይፒ ምንም አይጠቅምም? ይጠቅማል፣ ለፖሊስ። በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት፣ በዚህ አይፒ የወጣው ደንበኛ ማነው ብሎ ቴሌኮሙን በሕግ መጠየቅ የሚችለው እሱ ነው። እናንተ አትችሉም። ስለዚህ ሰዓቱን ከነደቂቃው ጻፉት። "ሃከር ጓደኛ አለኝ" የምትሉ ደግሞ፣ ተዉት፣ ጓደኛችሁን አትጣሉት።

እሺ ስክሪን ሾት። በ2011 ካሊፎርኒያ ኦክላንድ ውስጥ የአንድ ወጣት ማክቡክ ተሰረቀ። ሂደን የሚባል ሶፍትዌር ጭኖበት ነበር። ፎቶ ይላክለት ጀመር፣ የማያውቀው ሰው ተኝቶ፣ መኪና እየነዳ። ለፖሊስ ሰጠ፣ ፖሊስ ጊዜ የለኝም አለ። ልጁ ፎቶዎቹን ኢንተርኔት ላይ ለጠፋቸው፣ ወሬው አገር ምድሩን አዳረሰ፣ ያኔ ፖሊስ ጊዜ አገኘ። የተያዘው ግን በካርታ አልነበረም። ሰውየው ኢሜይሉን ሲከፍት የተነሳው ስክሪን ሾት ላይ የሚሠራበት የታክሲ ድርጅት ታየ። ፖሊስ ተሳፋሪ መስሎ ታክሲ ጠራና ያዘው። እኔ ፕሬይን ከባዶ ነጥብ የምመርጠው ለዚህ ነው። ፊት፣ ስም፣ ኢሜይል፣ የሥራ ቦታ ፖሊስ የሚይዘው ነገር ነው። ፎቶውን መለጠፉን ግን አልመክርም። ካሜራው ፊት የተቀመጠው ሰው ላፕቶፑን በደህና ገንዘብ የገዛ ምስኪን ሊሆን ይችላል።

ነጥቡን ተከትላችሁም በር እንዳታንኳኩ። ብቻችሁን ደግሞ በጭራሽ።

ዛሬ ማታ የምታደርጉት፦ ዊንዶውስ 11 ከሆነ ሴቲንግ፣ ፕራይቬሲ፣ ፋይንድ ማይ ዲቫይስ፣ አብሩት። ዲስኩን ቢትሎከር በሚባለው የዊንዶውስ መቆለፊያ ቆልፉት፣ ላፕቶፑ ባይመለስ እንኳ ፎቶና ፋይላችሁ በሰው እጅ አይገባም፣ የመክፈቻ ቁጥሩን ግን እዚያው ላፕቶፕ ላይ አታስቀምጡ እባካችሁ። ሲሪያል ቁጥሩንና ደረሰኙን በስልክ አንሱ። ሲሪያል ቁጥር ላፕቶፑን አይፈልግላችሁም፣ ከተገኘ በኋላ "የኔ ነው" ለማለት ነው።

ያገለገለ ላፕቶፕ የምትገዙም፣ ይሄ ይመለከታችኋል። ከውጭ የሚገቡት ዴልና ኤችፒዎች ብዙዎቹ የድርጅት ነበሩ። ከመክፈላችሁ በፊት ባዮስ ውስጥ ገብታችሁ ኮምፒውትሬስ ወይም አብሶሉት የሚለውን እዩ። "አክቲቬትድ" ካለ መከታተያው በርቷል ማለት ነው፣ ሻጩን ጠይቁት። ማክ ከሆነ ደግሞ የድሮው ባለቤት አካውንት መውጣቱን እዚያው ፊታችሁ ያሳያችሁ፣ "ቤት ሄደህ ታስተካክለዋለህ" ካለ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ውጡ። የባዮሱን አከፋፈት በፎቶ ቴሌግራም ቻናላችን ላይ እለቅላችኋለሁ፣ ሊንኩ ከታች ነው።