ወረቀቱ ከተሰጠን በኋላስ? (በባህር ዳር የኦቲዝምና የእድገት ችግር ያለባቸው ልጆች ወላጆች በተሰባሰብንበት ማህበራችን የዘንድሮ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ የመክፈቻ ንግግር)

እንደምን አደራችሁ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ከዘጌ በጀልባ ጎህ ሳይቀድ ተነስታችሁ የመጣችሁ እናቶች፣ ከመሸንቲ ከጢስ አባይ ከዘንዘልማ በሚኒባስ ተጨናንቃችሁ የደረሳችሁ፣ ከዩኒቨርሲቲው ፔዳ ግቢ የመጣችሁ መምህራን፣ ከፈለገ ህይወት እና ከጥበበ ግዮን ሆስፒታሎች ተረኛ ለውጣችሁ የተገኛችሁ ባለሞያዎች፣ አባቶች ቀሳውስት፣ ሼሆች፣ በተለይ ደሞ ልጆቻችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ ሁላችሁም በጣም ነው ማመሰግነው። ልጆቹ አዳራሹ ውስጥ ቢጮሁም ቢሮጡም ማንም እንዳይሳቀቅ፣ ይሄ የነሱ ቀን ነው፣ የትኛዋም እናት ልጇን አንጠልጥላ ለመውጣት እንዳትነሳ፣ እኔ ንግግሩን አቁሜ እጠብቃለሁ።

የአመቱን ሪፖርት እኔ አላነብም፣ ፀሀፊያችን ከሻይ በኋላ ታቀርበዋለች። በተሰጠችኝ ሰዓት ስለ አንድ ነገር ብቻ ላውራ፣ እሱም ልጁ በእድገቱ ወይ በባህሪው ተመርምሮ የውጤቱ ወረቀት እጃችን ከገባ በኋላ ስላለው ጊዜ ነው። ስለ ምርመራው ብዙ አውርተናል፣ የት ይገኛል ማን ይሰራዋል ስንት ያስከፍላል እያልን ስንት ስብሰባ ተቀምጠናል፣ ከዛ በኋላ ስላለው ግን አንድ ቀን እንኳ በደንብ ተነጋግረን አናውቅም።

ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፣ የኔ ልጅ አሁን 17 አመቱ ነው፣ ያ በሩ ጋ ወንበር እየደረደረ ያለው እሱ ነው። 4 አመት ሞልቶትም አንድ ቃል አልወጣውም ነበር፣ ስጠራው አይዞርም፣ የተገለበጠ ብስክሌት ካገኘ ግን ጎማውን እያሽከረከረ ግማሽ ቀን ይቀመጥልኛል። ጎረቤቱ ሁሉ እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው ይለኝ ነበር፣ እኔም ደስ ይለኝ ነበር። አማቴ ናቸው አንድ ቀን ኧረ ይሄ ልጅ ዝምታው አላማረኝም አሳዩት ያሉት። ተበድረን ከዚህ ርቀን ሄደን አስመረመርነው፣ ልጁን ለብቻው አስገብተው አዩት፣ እኛ ኮሪደር ላይ ጠበቅን፣ በሳምንቱ ኦቲዝም (ከልጅነት የሚጀምር የመግባባትና የባህሪ ልዩነት) ነው የምትል አንድ ቃል ነገሩንና ማህተም የተመታበት 3 ገፅ እንግሊዝኛ ሰጥተው ሁሉም እዚህ ላይ ተፅፏል ብለው ሸኙን። እኔ ያኔ እስከ 8ኛ ክፍል ነበር የተማርኩት ባለቤቴም እንደዛው፣ ወረቀቱን በፌስታል ጠቅልዬ ከቤቱ ካርታ ጋር ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩበት፣ 2 አመት እዛው ተቀመጠ።

በኋላ አንዲት አስተማሪ ለቡና መጥታ ነው አንብባ የነገረችኝ። ሶስተኛው ገፅ ላይ ምን ይላል መሰላችሁ፣ ልጁ በስዕልና በምልክት መግባባት ሊለምድ ይችላል፣ ቤተሰቡ በየቀኑ በጨዋታ እንዲህ እንዲህ እያደረገ ያለማምደው፣ ከ6 ወር በኋላ ለክትትል ተመልሶ ይምጣ። 6 ወሩ ካለፈ አመት ተኩል ሆኖት ነበር። ልጅሽ ኦቲዝም አለበት የተባልኩ ቀን እንኳ የዛን ቀን እንዳለቀስኩት አላለቀስኩም። መልሱ እቤቴ ሳጥን ውስጥ ነበረ፣ ልጄ ደሞ እዛው ሳጥኑ ላይ ተቀምጦ ነበር ሚጫወተው።

ለዚህ ነው ዛሬ ይሄን ሁሉ ህዝብ ሰብስቤ ይሄን ማነሳው። ውጤቱ ለእናትየዋ በሚገባት ቋንቋ ተነግሯት፣ ጠይቃ፣ ተከራክራ፣ ነገ ጠዋት ቤቴ ስገባ ምን ላድርግ ለሚለው ጥያቄዋ መልስ ይዛ ካልወጣች እኔ ልጁ ተመርምሯል አልልም።

ቴስት የሚባለው ነገር እራሱ ከየት እንደመጣ ብናይ ጥሩ ነው። በ1905 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ውስጥ አልፍሬድ ቢኔ እና ቴዎዶር ሲሞን የመጀመሪያውን የአእምሮ ችሎታ መለኪያ ሲያወጡ የታሰበው ትምህርት የከበዳቸውን ልጆች ለይቶ የተለየ እርዳታ እንዲያገኙ ነው፣ ቢኔ ደሞ የልጅ ችሎታ አንዴ ተለክቶ ሚዘጋ ነገር አይደለም በትምህርት ይሻሻላል እያለ ሲሞግት ነው የኖረው። ስለዚ ነገሩ ከመጀመሪያውም የታሰበው ለእርዳታ ነው፣ ልጅን ከክፍል ለማስወጣት ደብዳቤ እንዲሆን አይደለም፣ እኛ ጋ ግን አንዳንዴ እንደዛ ሆኖ ሲመጣ አይተናል።

ቁጥሩን በተመለከተም ወላጆች ብዙ ትጨነቃላችሁ። በብዙ ሀገር ሚሰራበት ዌክስለር የሚባለው የልጆች የአእምሮ ችሎታ ቴስት አማካዩ 100 ነው፣ አንድ አባት የልጄ 68 ነው አለቀለት ብለው ቢሮ መጥተው እጄን ይዘው አልቅሰዋል። አላለቀም። በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካ ሳይካትሪስቶች መመሪያ እራሱ ቁጥሩ ብቻውን አይበቃም፣ ልጁ በእለት ተእለት ኑሮው ምን ይችላል ምን ያቅተዋል የሚለውን እዩ፣ ምን ያህል ድጋፍ እንደሚፈልግም ከዛ ነው ሚታወቀው ይላል። ታዲያ ይሄን ማን ያውቃል? እናትየዋ ናት እንጂ። ሱቅ ተልኮ ጨው ገዝቶ መልሱን ቆጥሮ ይመጣል ወይ፣ ጥጃውን ለይቶ ያስራል ወይ፣ ታንኳ ላይ አርፎ ይቀመጣል ወይ፣ እራሱ ይታጠባል ወይ፣ እንግዳ ሲመጣ ወንበር ይለቃል ወይ። እርሳስ በቅጡ ይዞ የማያውቅ የደቅ ደሴት ልጅ አስቀምጠን ሌላ ሀገር ልጆች ላይ በተሰራ ሚዛን ብቻ ከመዘንነው የለካነው ልጁን ሳይሆን ያላየውን ነገር ነው። ከአዊ የመጣ አገውኛ ሚናገር ልጅንም በአማርኛ ጠይቀን ቋንቋው ዘግይቷል ብለን ከፃፍን ጥፋቱ የኛ ነው።

ባለሞያዎቻችን ይሄንን ከኔ በላይ ታውቁታላችሁ ግን አንድ ነገር ልጨምር፣ ጨዋ ስለምትለዋ ቃል። እኛ ጋ ልጅ ትልቅ ሰው ፊት አይኑን ሰበር ያደርጋል፣ አጭር ይመልሳል፣ ካልተጠየቀ አያወራም፣ ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው ፊት ደሞ ጭራሽ ይቆለፋል። ይሄን ያላወቀ መርማሪ አይን ለአይን አይተያይም ብሎ ይፅፋል፣ ልጁ ግን ውጪ ወጥቶ ከእኩዮቹ ጋር ሲሆን ሌላ ሰው ነው። በሌላ በኩል ደሞ በእውነት የማይሰማ፣ በእውነት መግባባት ያቃተው ልጅ እንደኔ ልጅ ጨዋ ነው እየተባለ አመታት ያልፉታል። ሁለቱን ለመለየት ልጁን ከእናቱ ጋር፣ ከወንድም እህቱ ጋር፣ ሲጫወት ማየት ያስፈልጋል፣ እንደው ግማሽ ሰዓት ቢሮ ውስጥ አይቶ ሚያልቅ አይደለም።

ጆሮን አትርሱ። ሁለተኛ ክፍል ያለች ልጅ እልኸኛ ናት አትታዘዝም ተብላ መጣችልን፣ ሳይኮሎጂስቷ ከሁሉም በፊት ጆሮዋን ታይታ ትምጣ አለች፣ ለካ ከህፃንነቷ ጀምሮ ጆሮዋ መግል እየያዘ አንዱ ጎን በደንብ አይሰማም፣ አስተማሪዋ ፊት ለፊት አስቀመጠቻት፣ ህክምናውም ተጀመረ፣ እልኸኝነቱ ብዙው እዛው ቀረ። ንግግር ለዘገየበት ልጅ ሁሉ ምንም ነገር ከመባሉ በፊት ጆሮና አይን ይታይ።

በቴሌግራም ሚዞሩትን ፎርሞችም ላንሳ ምክንያቱም በዚህ አመት ብዙ ሰው ስልክ ደውሎልኛል። ኤም ቻት የሚባለው 20 ጥያቄ ያለው የኦቲዝም ማጣሪያ ፎርም ጥሩ ነገር ነው፣ ግን የተዘጋጀው ከ16 እስከ 30 ወር ላሉ ህፃናት ነው፣ የ6 አመት ልጅ ላይ ሞልታችሁ ውጤቱን አይታችሁ እንዳትደነግጡ። ለትክክለኛው እድሜ ቢሆንም ወንፊት ነው፣ በደንብ መታየት ያለበትን ልጅ ይለያል እንጂ ኦቲዝም አለበት ብሎ አይፈርድም። ሚቅበጠበጥ ልጅም እንደዛው ነው፣ ኤዲኤችዲ (ትኩረት የማጣትና የመቅበጥበጥ ችግር) ለመባል ከ12 አመቱ በፊት የጀመረ መሆን አለበት፣ ቤትም ትምህርት ቤትም መታየት አለበት፣ ስለዚ የአስተማሪው ቃል ሳይሰማ ሚሰጥ ወረቀት ጎዶሎ ነው።

አሁን ወደሚከብደኝ ነገር ልግባ። ባለፉት አመታት ልጆቻችን የተኩስ ድምፅ ሰምተዋል፣ ትምህርት ቤት ተዘግቶባቸዋል፣ ከቤታቸው ተፈናቅለው እዚህ ከተማ ዘመድ ጋ የተጠጉም አሉ። በር ድው ሲል ጠረጴዛ ስር ሚገባ፣ 8 አመት ሆኖት ፍራሽ ማርጠብ የጀመረ፣ ያወራ የነበረ ዝም ያለ፣ ጨዋታው ሁሉ መሸሽና መደበቅ የሆነ ልጅ ያላችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ይሄ ቅብጠት አይደለም፣ በዱላም አይመለስም። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ላይ እንዲህ መሆን ያለ ነገር ነው፣ አጠገቡ የተረጋጋ ሰው ካለ፣ በሰዓቱ ከበላ በሰዓቱ ከተኛ፣ ለጠየቀው ነገር እውነቱን በእድሜው ልክ ከነገርነው አብዛኛው ልጅ እየተሻለው ይሄዳል፣ ከ1 ወር ካለፈ ወይ እየባሰ ከሄደ ግን ለባለሞያ እናሳይ። እና እባካችሁ እናቱን ጠይቋት አንቺስ ትተኚያለሽ ወይ ብላችሁ፣ እሷ ሌሊቱን ሙሉ በር በር ስታይ እያደረች ልጁን ብቻ መርምረን ብንልከው ተመልሶ ሚገባው እዛው ፍርሀቱ ውስጥ ነው።

እናቶች ላይ ስለሚወርደው ወቀሳ ደሞ ዝም ብዬ አላልፍም። ምን ሰርታ ነው፣ እርግማን ነው፣ ቡዳ ነው፣ ይሄን ያልሰማች እናት እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለች አይመስለኝም። የእኛ ሀገር ነገር ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ የሰለጠነ የምንለው አለምም ለአመታት ኦቲዝም ሚመጣው እናትየዋ ልጇ ላይ ቀዝቃዛ ስለሆነች ነው እያለ እናቶችን ሲያቃጥል ኖሯል፣ ይሄን አባባል በ1964 እ.ኤ.አ. በማስረጃ ከተቃወሙት አንዱ በርናርድ ሪምላንድ የሚባል ሳይኮሎጂስት ነው፣ እሱ እራሱ ኦቲዝም ያለበት ልጅ አባት ነበር። በኛም ሀገር ጆይ ኦቲዝም ማዕከልን በ2002 እ.ኤ.አ. የከፈተችው ዘሚ የኑስ የራሷን ልጅ ይዛ አደባባይ በመውጣቷ ነው ብዙዎቻችን ልጆቻችንን ከጓዳ ያወጣነው፣ ነፍሷን ይማር።

ጠበልን በተመለከተ አባቶች እዚህ ስላሉ በግልፅ ልናገር፣ ማንም ጠበል አትሂዱ አይላችሁም፣ እኔም ልጄን ይዤ ሄጃለሁ። የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ ግን መድሀኒቱን አቋርጦ እንዳይሄድ፣ በድንገት ሲቋረጥ ሚመጣው መንቀጥቀጥ ህይወት ሊያሳጣ ይችላል። ባለፈው አባታችን እንዳሉን መድሀኒቱንም ጠበሉንም አንድ ላይ ያዙ፣ ይሄንን በየደብሩ እንድታስተምሩልን ነው ምንለምነው።

እና ቤት ውስጥ ምን እናድርግ ለሚለው መልስ አለው። የአለም ጤና ድርጅት እድገታቸው ለዘገየ ከ2 እስከ 9 አመት ላሉ ልጆች ቤተሰቦች ያዘጋጀው ስልጠና አለ፣ 9 የቡድን ስልጠና እና 3 የቤት ጉብኝት ነው፣ ኢትዮጵያ ውስጥም ተሞክሯል፣ ሚሰጠው ደሞ የግድ ስፔሻሊስት አይደለም የሰለጠነ የጤና ባለሞያ ወይ ወላጅ መስጠት ይችላል። ነገሩ በጣም ቀላል ነው፣ ልዩ ክፍል ልዩ መጫወቻ አይፈልግም፣ ቤት ውስጥ በየቀኑ ምንሰራውን ነገር ለልጁ ማስተማሪያ ማድረግ ነው። እኔ ከቡና ነው የጀመርኩት። ልጄ ሲኒ ያቀርባል፣ አንድ ሲኒ አንስቼ እስኪያየኝ ጠብቄ እሰጠዋለሁ፣ ለአያቱ ያደርሳል፣ ተመልሶ ይመጣል። አቦል ላይ አልተሳካም፣ ቶና ላይ አንዴ አየኝ፣ በረካ ላይ እራሱ እጁን ዘረጋ። ተራ መጠበቅን የለመደው በዚሁ ነው፣ ወራት ፈጅቷል ግን ለመደ። የመጀመሪያ ቃሉ እንካ ነበር፣ 7 አመት ከ2 ወር ሲሆነው።

ስለዚ ለዘንድሮ ስራ አስፈፃሚው ያቀረበውን ሀሳብ ተወያይታችሁ እንድታፀድቁልን ነው ምንጠይቀው። በማህበራችን በኩል ሚመረመር ልጅ ሁሉ የውጤት ቀን ይኖረዋል፣ አባትና እናት ከተቻለም አያት ባሉበት አንድ ሰዓት ሙሉ ተቀምጦ በአማርኛ ወይ በአገውኛ ሚነገርበት፣ ወረቀቱም መጀመሪያ ገፅ ላይ በቀላል አማርኛ ልጁ ምን እንደሚወድ ምን እንደሚችል ቀጥሎ ምን እንደሚያስቸግረው ቀጥሎ በዚህ ወር ቤት ውስጥ ሚሰሩ ሁለት ነገሮች ይፃፋሉ፣ ሁለት ብቻ፣ ሀያ ነገር የተሰጣት እናት አንዱንም አትሰራም። በወሩ አንድ ሰው ቤት ሄዶ ያያል። ባለሞያዎች ሰዓት የለንም ትላላችሁ እውነታችሁን ነው፣ ለዚህ ነው ቆየት ያልን ወላጆች ከናንተ ጋር ተቀምጠን ልናግዝ የተመዘገብነው፣ እስካሁን 11 ነን። አባቶችም ግቡበት፣ ከ11ዳችን ወንድ ያለው አንድ ብቻ ነው። ወንድምና እህቶቹንም አንርሳቸው፣ ትልቋ ልጄ ወንድሟን ስትጠብቅ ልጅነቷ እንዳለፈ የነገረችኝ ዩኒቨርሲቲ ከገባች በኋላ ነው፣ ያኔ ማንም አልጠየቃትም፣ እኔም አልጠየቅኳትም።

ውይይቱ ከሻይ በኋላ ይቀጥላል፣ ልጆቹ በስተግራ ባለው ክፍል ከተማሪዎች ጋር እየተጫወቱ ይቆያሉ፣ ምንጣፍና ውሀ ተዘጋጅቷል፣ ድምፅ ለሚረብሻቸው ደሞ በጓሮ በኩል ፀጥ ያለ ክፍል አለ። ባለሞያ ማናገር ምትፈልጉ ስማችሁን በሩ ላይ አስመዝግቡ፣ የዘጌ ጀልባ 9 ሰዓት ላይ ስለሚነሳ የዘጌ እናቶች ቅድሚያ ይሰጣቸው፣ የባህር ዳር ሰዎች እኛ ማታም ቢሆን እንደርሳለን። ጉባኤው ተከፍቷል።