«ይሰጣል» ሲላላና ሲጠብቅ
(አራት ኪሎ ለተሰበሰቡ ጀማሪ ጠበቆች የተዘጋጀ ንግግር)

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ታናናሽ እህቶቼና ወንድሞቼ፤ እንደምን አመሻችሁ። ልደታ ችሎት ውላችሁ፣ የታክሲ ሰልፍ ቆማችሁ እዚህ ድረስ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። አዘጋጆቹ «ስለ ውል አረቃቀቅ ተናገሪ» ሲሉኝ የውል ዓይነቶችን ከነአንቀጻቸው ልደረድር ነበር። ተውኩት። እሱን ሕጉ ላይ ታገኙታላችሁ። ይልቅ በአንድ ግስ የተረታሁበትን ጉዳይ ልንገራችሁ።

ፈቃድ ባወጣሁ በሁለተኛው ዓመት ነው። ፒያሳ አካባቢ ሱቅ ያላቸው እናት፣ እትዬ ነበር የምላቸው፣ ሱቃቸውን ለጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ሊያከራዩ እኔ ዘንድ መጡ። ሁለት ቀን ለፍቼ ውሉን ጻፍኩ። ኮራሁበትም። አንቀጽ 7 እንዲህ ይላል፦ «አከራይ የሱቁን ግብር ይከፍላል። ውሉን ከጊዜው በፊት ማቋረጥ ካስፈለገ የሦስት ወር ማስጠንቀቂያ ይሰጣል።»

ተከራዩ በስምንተኛው ወር ቁልፉን ጎረቤት ሱቅ አስቀምጦ ሄደ። የሦስት ወር ኪራይ ይክፈለን ብለን ከሰስን። የእሱ ጠበቃ አንጋፋ ሰው ነበሩ። መነጽራቸውን አስተካክለው አንቀጹን ለችሎቱ ቀስ ብለው አነበቡ። «ይሰጣል» ላይ ሲደርሱ «ሰ»ን አላሏት። አያችሁ? አላልታችሁ ስታነቡት ሰጪው ሰው ነው፤ ከላይ የተጠቀሰው ደግሞ አከራይ ብቻ ነው። ግብር የሚከፍለውም ማስጠንቀቂያ የሚሰጠውም አከራይ ሆነ፤ ተከራይ ምንም ግዴታ የለበትም። እኔ ተነስቼ አጥብቄ አነበብኩት። ሲጠብቅ ማስጠንቀቂያው ራሱ ነው የሚሰጠው፤ ማንም ያቋርጥ ማን፣ አስቀድሞ ማሳወቅ አለበት ማለት ነው። ዳኛው ሁለታችንንም አየት አየት አድርገው «ታዲያ ጠብቆ ነው ላልቶ?» አሉ። ወረቀቱ አይናገርም። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አይጽፍም።

ከችሎት ስንወጣ እትዬ በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ይዘው «ልጄ፣ ቢሮሽ ስታነቢልኝ እኮ ጠብቆ ነበር» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የጠበቀው ግን እኔ አፍ ላይ ነበር፤ ወረቀቱ ላይ አልነበረም። በመጨረሻ የአንድ ወር ኪራይ ተከፍሏቸው በዕርቅ አለቀ። የቀረውን ሁለት ወር እስከ ዛሬ እኔ እንደወሰድኩባቸው ነው የምቆጥረው።

አሁን ያንን አንቀጽ ብጽፈው እንዲህ እለዋለሁ፦ «ውሉን ከጊዜው በፊት የሚያቋርጠው ወገን፣ አከራይም ሆነ ተከራይ፣ ለሌላው ወገን ከሦስት ወር በፊት በጽሑፍ ያስታውቃል። ሳያስታውቅ ያቋረጠ ወገን የሦስት ወር ኪራይ ለሌላው ወገን ይከፍላል።» «ያስታውቃል» ቢያላሉትም ቢያጠብቁትም አድራጊው አይጠፋም። ደግሞም የመጀመሪያው ላይ የጎደለ ሌላ ነገር እንዳለ ልብ ብላችኋል፤ ማስጠንቀቂያ ባይኖር ምን እንደሚከተል ጭራሽ አልጻፍኩም ነበር። በዚያ ዕድሜዬ ተከራይ ሳይናገር ይሄዳል ብዬ አላሰብኩም።

ይህን ታሪክ የማወራው ራሴን ለመውቀስ ብቻ አይደለም። እኛ የሕግ ትምህርት የተማርነው በእንግሊዝኛ ነው። ፈተናውም ማስታወሻውም የመመረቂያ ጽሑፉም በእንግሊዝኛ። ከዚያ ፈቃድ አውጥተን ቢሮ ስንከፍት ደንበኛው አማርኛ ይናገራል፣ ዳኛው በአማርኛ ይጽፋል፣ ውልና ማስረጃ ያለው ሠራተኛ አማርኛ ያነባል። እኛ ምን እናደርጋለን? ከኮምፒውተራችን አንድ የውጭ ውል እናወጣና እንተረጉማለን። ፍትሐ ብሔር ሕጋችንም እኮ መነሻው ፈረንሳይኛ ነው፤ ረቂቁን ያዘጋጁት ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ነበሩ፣ 1952 ዓ.ም. ሲታወጅ ወደ አማርኛ ተመልሶ ነው። እሱን የተረጎሙት ሰዎች ግን ቃል ለመፈለግ ላባቸውን አፍስሰዋል። እኛ የምናፈሰው ጊዜ የአንድ ማኪያቶ ያህል ነው።

የትርጉም አማርኛ ምን እንደሚያመጣ ላሳያችሁ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ያን ሰሞን አንድ የአሉሚኒየምና የመስታወት ሥራ ተቋራጭ ውሉን ይዞ መጣ። የፈረመው ግንቦት ላይ ነው። ዕቃው ከውጭ የሚገባ፣ ዋጋው በብር የተቆረጠ። «ከዐቅም በላይ የሆነ ኃይል የሚል አንቀጽ አለኝ፤ ያድነኛል አይደል?» አለኝ። አነበብኩት። «ጦርነት፣ ጎርፍ፣ የመሬት መንቀጥቀጥ፣ የእግዚአብሔር ድርጊት» ይላል። የእግዚአብሔር ድርጊት! እኛ አገር ከእግዚአብሔር ድርጊት ውጭ የሆነ ምን አለ? ጤናም በሱ፣ ዝናብም በሱ፣ የተፈራረሙትም በሱ ፈቃድ ነው። ከባሕር ማዶ ውል ቃል በቃል የተገለበጠ ነው፤ ለሰውዬው ግን የሚጠቅም አንዲት መስመር የለውም።

ሕጉስ ምን ይላል? የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1764 ውል አፈጻጸሙ ከታሰበው በላይ ቢከብድም እንደጸና ይቆያል ይላል። ቁጥር 1794 ደግሞ ጨክኖ ይዘረዝራል፤ የጥሬ ዕቃ ዋጋ መጨመር ከዐቅም በላይ አይደለም፣ ግዴታውን የሚያከብድ አዲስ ሕግ መውጣቱም አይደለም፣ የራስ ሠራተኞች ሥራ ማቆማቸውም አይደለም። ይህ ሁሉ ግን ተዋዋዮቹ በግልጽ በሌላ ሁኔታ ካልተስማሙ ነው። እንግዲህ የእኛ እንጀራ ያለው እዚህች «ካልተስማሙ» ላይ ነው። ሕጉ በሩን ገርበብ አድርጎ ትቶልናል፤ የተቋራጩ ውል ግን አልገባበትም። አንድ አንቀጽ ይበቃው ነበር፦ ባንኩ በተፈረመበት ቀን ያወጣው የምንዛሬ ዋጋ ይህን ያህል እንደነበር፣ ከዚያ ከ10 በመቶ በላይ ቢንቀሳቀስ ከውጭ የሚገባው ዕቃ ዋጋ በምን ቀመር እንደሚስተካከል፣ ሌላኛው ወገን ካልተቀበለው በስንት ቀን ውስጥ ውሉን ማቋረጥ እንደሚችል። ይህን የሚጽፍ ሰው ግን መጀመሪያ ዕቃው ከየት እንደሚመጣ መጠየቅ አለበት። ውሉን ያረቀቀው ጠበቃ ሱቁን ረግጦ አያውቅም ነበር፤ ተቋራጩ ራሱ ነው የነገረኝ።

ሌላ የሚያስቸግረን ቃል «ሽማግሌ» ነው። «አለመግባባት ቢፈጠር በሽማግሌ ይታያል» የማይል ውል አይታችሁ ታውቃላችሁ? ከዚያ አንዱ ይከሳል፣ ሌላው የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ ያቀርባል፦ «ጉዳዩ በግልግል ዳኝነት እንዲታይ ተስማምተናል፤ ፍርድ ቤቱ ሥልጣን የለውም።» ከሳሽ ደግሞ «ሽማግሌ ማለት አስታራቂ ነው፤ ሞክረን አልሆነም» ይላል። ሁለቱም በአማርኛ ልክ ናቸው። ፍትሐ ብሔር ሕጉ «የዘመድ ዳኛ» ይለው የነበረው ሰው ሰፈር ውስጥ ጋቢ ለብሰው ባልና ሚስት የሚያስታርቁት አዛውንት አይደሉም፤ ውሳኔው የሚያስገድድ ዳኛ ነው። አሁን የግልግል ዳኝነትና የዕርቅ አሠራር አዋጅ ቁጥር 1237/2013 ሁለቱን ለይቶ አስቀምጧቸዋል። ዳኝነት ከፈለጋችሁ «የግልግል ዳኝነት» በሉ፤ ዳኞቹ ስንት እንደሆኑ፣ ማን እንደሚመርጣቸው፣ የት እንደሚቀመጡ ጻፉ። ዕርቅ ከፈለጋችሁም ዕርቅ በሉ፤ ካልተሳካ ወዴት እንደሚኬድም ጨምሩ። ሽማግሌውን ለሠርግ ተዉት።

ጊዜን በተመለከተ ብዙ አልልም፤ ታውቁታላችሁ። አንድ የመኪና ኪራይ ውል «በወር» ይላል፤ መኪናው ጳጉሜንን ሙሉ ሠራ። ክፍያ አለው የለውም? 2015 ላይ ጳጉሜን ስድስት ቀን ስለነበረች ጠቡም በአንድ ቀን ረዘመ። ሰዓት ስትጽፉም «6 ሰዓት» ብላችሁ አትለፉ፤ አንዱ ወገን የውጭ ድርጅት ከሆነ ዕቃውን ንጋት ላይ ይጠብቃል።

ምስክርና ምዝገባንም እንዲሁ በአጭሩ። በጽሑፍ መሆን ያለበት ውል የተዋዋዮቹ ፊርማና የሁለት ምስክሮች ማረጋገጫ ያስፈልገዋል፤ ቁጥር 1727 ነው። የማይንቀሳቀስ ንብረት ሲሆን ስለ ምዝገባ የሚናገረውን ቁጥር 1723ን አትርሱ። ይህንን የማያውቅ ጠበቃ አላየሁም፤ አርፍዶ የሚያስታውስ ግን ብዙ አይቻለሁ።

እንግዲህ ይህ ችሎታ የሚመጣው ከየት ነው? ቀድሞ ጀማሪው የሚማርበት ቦታ አልነበረውም። ጠበቃ ፈቃዱን ይዞ ለብቻው ነበር የሚሠራው፤ የጥብቅና ድርጅት ማቋቋም የተፈቀደው በአዋጅ ቁጥር 1249/2013 ነው። ስለዚህ አብዛኞቻችን የተማርነው ደንበኞቻችን እየከፈሉ ነው። እኔ በኋላ ላይ ያገኘሁት መንገድ ቀላል ነው። የተረታሁበትን ውል ሁሉ እንደገና እጽፈዋለሁ፤ ማንም ላይከፍለኝ። ሌሎች የተረቱበትንም እፈልጋለሁ፤ የሰበር ችሎት ውሳኔዎች ቅጾች ውስጥ ስንቱ ውል ከነቁስሉ ተዘርግቷል መሰላችሁ። ሰው ከናሙና መጽሐፍ ይማራል ይላሉ፤ እኔ ከተሰበረ ውል ነው የተማርኩት።

ከዚያ ደግሞ ጮክ ብሎ ማንበብ። ረቂቁን ለሌላ ጠበቃ አላነብለትም፤ ጠበቃ የጎደለውን ራሱ ይሞላዋል። ቢሮዬ ለምታጸዳው ልጅ አነብላታለሁ። «እዚህ ላይ ብሩን የሚከፍለው ማነው?» ብላ ከጠየቀችኝ አንቀጹ ወድቋል። አንዳንዴ ለእሷ እሰጥና እሷ ስታነብ እሰማለሁ። የምታላላውንና የምታጠብቀውን እከታተላለሁ። እኔ ከፈለግሁት ሌላ ከወጣ ግሱን እቀይራለሁ።

አንዳንዶቻችሁ «አማርኛ ለውል አይመችም፤ ሰምና ወርቅ ያበዛል» ስትሉ ሰምቻለሁ። አልስማማም። ቅኔ የሚዘርፍ ሰው ሁለት ትርጉም ሆን ብሎ ይሠራል፤ ሳያውቅ ሁለት ትርጉም የሚሠራው ግን የእኛ ሰው ነው። ቋንቋው «ውል» የሚለውን ቃል ለክር ጫፍም ሰጥቶታል። ልቃቂት ስትተረትሩ ውሉ ከጠፋ ምን እንደሚሆን እናቶቻችሁን ጠይቁ።

ንግግሬ እዚህ ላይ ይበቃል፤ የቀረውን ሰዓት እንሠራበታለን። ስትመጡ እያንዳንዳችሁ ራሳችሁ የጻፋችሁትን አንድ ውል እንድትይዙ ተነግሯችኋል፤ የደንበኞቹን ስም መሰረዛችሁን አረጋግጡ። አሁን ከጎናችሁ ካለው ሰው ጋር ተቀያየሩ። የራሳችሁን አታነቡም፤ የእሱን ነው የምታነቡት፣ ጮክ ብላችሁ። ጸሐፊው ዝም ብሎ ይሰማል፤ «እንደዚያ ማለቴ አይደለም» ማለት ክልክል ነው። እስኪ አንተ፣ በሩ አጠገብ የተቀመጥከው፣ ጀምርልን። የማቋረጫው አንቀጽ ከየት ይጀምራል?