በረዶ የሚያውቀው ድንበር

እንዴት ናችሁ? ዛሬ ድምፄ ደከም ካለባችሁ፣ ጠዋት በረዶ ስዝቅ ነው የቆየሁት። ወገቤም የለም።

ቶሮንቶ እንደመጣሁ የተከራየሁት ቤዝመንት (ምድር ቤት) በከተማዋ ሰሜን፣ ኖርዝ ዮርክ ነበር። በረዶ ጠራጊው መኪና መንገዱን ገፍቶ ሲያልፍ፣ በየቤቱ የመኪና መግቢያ ላይ ክምር ጥሎ ይሄዳል። እዚያ ግን ሌላ መኪና ይከተልና ያነሳልናል። የትም እንደዚህ ይመስለኝ ነበር። በኋላ ወደ ዳንፎርዝ፣ ወደ ሐበሻ ምግብ ቤቶቹ ሠፈር ተጠጋሁ። በመጀመሪያው ክረምት መኪናው ክምሩን ደጄ ላይ ጣለና እብስ! ብጠብቅ፣ ብጠብቅ፣ ሁለተኛ የሚባል መኪና የለም። ጎረቤቴ፣ ዕድሜያቸውን ሁሉ እዚሁ የኖሩ ሴትዮ፣ ሳቁብኝ። «እሱ የኖርዝ ዮርክ ነገር ነው፤ የኛ መንገድ ጠባብ ነው» አሉኝ።

አንድ ከተማ አይደል እንዴ? ነውም፣ አይደለምም።

ኖርዝ ዮርክ ራሱን የቻለ ከተማ ነበር። ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ፣ የራሱ ከንቲባ፣ የራሱ ማዘጋጃ ቤት ነበረው። ቶሮንቶ ያለችበት ክፍለ ሀገር፣ የኦንታሪዮ መንግሥት፣ ወጪ ይቀንሳል ብሎ ቶሮንቶንና አምስት ጎረቤቶቿን አንድ ላድርግ አለ። እ.ኤ.አ. በ1997 ሕዝቡ ድምፅ ሰጠ። ከአራት ሰው ሦስቱ ያህል «አንፈልግም» አለ። ማን ሰምቶ! ጃንዋሪ 1 ቀን 1998 ተዋሃዱ።

ሰው «ቶሮንቶ ኖርዝ ዮርክን ዋጠችው» ይላል። እኔ ግን ማን ማንን እንደዋጠ እንጃ። ኖርዝ ዮርክን 25 ዓመት የመሩት ከንቲባ ሜል ላስትማን ውህደቱን ሲቃወሙ ከረሙ። ከዚያ ለአዲሷ ቶሮንቶ ተወዳደሩ፤ የአሮጌዋን ቶሮንቶ ከንቲባ ባርባራ ሆልን አሸንፈው ወንበሩ ላይ ቁጭ! የከተማ ዳር ሰው ድምፅ ነው ያስቀመጣቸው። ሰውዬው ድሮ የቤት ዕቃ ነጋዴ ነበሩ። ለማስታወቂያ ብለው ፍሪጅ ሊሸጡ ወደ አርክቲክ የሄዱ ናቸው፤ እውነቴን ነው! በጃንዋሪ 1999 በረዶው ሲያይል ደግሞ ወታደር ጠሩ። አገሬው እስከዛሬ ይስቅባቸዋል። አካፋ ይዤ ስቆም እኔን ሳቄ አይመጣም።

ስሙም አልጠፋም። ፖስታ ላይ «ኖርዝ ዮርክ» ብላችሁ ጻፉ፣ ይደርሳል። የኖርዝ ዮርክ አደባባይም እስካሁን የሜል ላስትማን ስም ነው ያለበት።

ቅድም አካፋዬን አስቀምጬ እዚያ ለሚኖር ጓደኛዬ ደወልኩ። «በረዶው እንዴት አደረጋችሁ?» አልኩት።

«የቱ በረዶ?» አለኝ። ተኝቶ ነበር።