ለምትሰፋ ሴት ምን ይሰጣል?

እንደምን ሰነበታችሁ አድማጮቼ? ከጅማ ነኝ። የቡናው ለቀማ እየተጠናቀቀ ነው፤ ታኅሣሥ ገብቷል፤ የስፌት ቡድናችንም የስጦታ ዕጣውን አውጥቷል። ሰሞኑን ሐሳቤን የያዘው እሱ ስለሆነ ዛሬ የማወራው ስለዚሁ ነው።

ለአዲስ አድማጮች በአጭሩ ልናገር። እኛ ከልብስ ሰፊዎች ቤት የሚተርፈውን እራፊ ሰብስበን ብርድ ልብስ የምንሠራ ሴቶች ነን። ፈረንጆች ኩዊልት የሚሉት ዓይነት ነው፤ ከላይ ከእራፊ የተገጣጠመ ፊት፣ ከሥር ገበር፣ በመካከል የተባዘተ ጥጥ፣ ከዚያ ሦስቱን አንድ ላይ የሚይዝ ረድፍ ረድፍ ስፌት። ከገና በፊት ስማችንን በወረቀት ጽፈን ሙዳይ ውስጥ እንጨምርና እያንዳንዳችን አንድ ስም እናወጣለን። የዋጋውን ጣሪያ አስቀድመን ተነጋግረን እንወስናለን። ይህ ጣሪያ መከበር አለበት ብዬ አጥብቄ አምናለሁ፤ አንዷ ከዚያ በላይ ስታወጣ ሌላዋ ያመጣችውን ለማውጣት ታፍራለች፣ ስጦታውም ደስታ መሆኑ ቀርቶ ዕዳ ይሆናል።

እንግዲህ ምን ይሰጣል? የእኔ መልስ አንድ ነው፤ በሥራዋ ላይ የሚያልቅ ነገር። ብርጭቆውም፣ የፕላስቲክ አበባውም መልካም ነው፤ ነገር ግን ቁም ሣጥን ላይ ተቀምጦ አቧራ ይለብሳል። ክር ግን ያልቃል፤ ያለቀውም ብርድ ልብሱ ውስጥ ገብቶ ይኖራል። ደግሞም ቤት የምታስተዳድር ሴት ለራሷ ጥሩ መርፌ አትገዛም። ሱቅ ገብታ መርፌውን ታነሳለች፣ ዋጋውን ትጠይቃለች፣ ሽንኩርቱ ትዝ ይላትና መልሳ ታስቀምጠዋለች። በደነዘዘ መርፌ ጣቷን እየወጋች ዓመቱን ትገፋዋለች። እኛ የምንገዛላት ይህን መልሳ ያስቀመጠችውን ነው።

መርፌ ለመግዛት ግን ማስተዋል ይጠይቃል። የእጅ መርፌ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ይቀጥናል፤ 10 ቁጥር ከ5 ቁጥር የቀጠነ ነው። የስፌት መኪና መርፌ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ 80 ለተለመደው የጥጥ ጨርቅ ይሆናል፣ 100 ለጂንስና ለወፍራም ነገር ነው። ሦስት ድርብ ጨርቅ ለመጠቅጠቅ አጭርና ጠንካራ መርፌ ይመረጣል፤ ረጅሙ ይጎብጣል። ለጥልፍ ደግሞ ዓይኑ ሰፋ ያለ። የዕጣ ጓደኛችሁ የስፌት መኪና ካላት የመኪናዋን ዓይነት እዩ፤ የቤት መኪና መርፌ አናቱ በአንድ ወገን ጠፍጣፋ ነው፣ የፋብሪካው መኪና ግን ብዙውን ጊዜ ዙሪያውን ክብ የሆነ ይወስዳል። አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም።

የጥልፍ ክር ከሆነ በ1746 በፈረንሳይዋ ሙሉዝ ከተማ የተቋቋመው የዲኤምሲ ኩባንያ ክር እስከ ዛሬ ይመሰገናል። አንዱ ጥቅል 8 ሜትር ነው፤ ስድስት ቀጫጭን ክሮች አብረው ስለተገመዱ እንደ ሥራው ሁለት ወይም ሦስት እየነጠሉ ይሰፉበታል። ቀለሙ በቁጥር ስለሚታወቅ የጀመረችውን ሥራ ሳታቋርጡ ያንኑ ቀለም ልታመጡላት ትችላላችሁ፤ 310 ጥቁር ነው፣ 321 ቀይ ነው። ልጥፉን ቅርጫቷ ውስጥ አይታችሁ ቁጥሩን መያዝ ብቻ ነው።

ከሁሉ አብልጬ የምወደው ስጦታ ግን ሰም ነው። አዎ፣ የንብ ሰም! በማርና በደን በታወቀ አገር ተቀምጠን ይህን መርሳታችን ይገርመኛል። በእጅ የሚሰፋ የጥጥ ክር እየተጠማዘዘ ይቋጠራል፣ ጨርቁ ውስጥ ሲመላለስም ይበጣጠሳል። ክሩን በሰም ቁራጭ ላይ አንድ ሁለቴ ጎተት አድርጋችሁ፣ ከዚያ በሁለት ወረቀት መካከል አስገብታችሁ ለብ ባለ ካውያ ተጫኑት። ሰሙ ወደ ክሩ ይገባል፣ የተረፈው ወረቀቱ ላይ ይቀራል፣ ክሩም ቀጥ ብሎ ይታዘዛል። ወረቀቱን አትዝለሉት፤ ትርፉ ሰም ነጭ ጨርቅ ላይ ካረፈ በኋላ ካውያ ሲነካው እድፍ ያወጣል። ሰሙን አቅልጣችሁ፣ አጥልላችሁ፣ በትንሽ ሲኒ ውስጥ አርግታችሁ ብትሰጧት ሽታው ራሱ በዓል ነው።

ጨርቅ ለምትሰጡ ደግሞ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በአሜሪካ የኩዊልት ሠሪ ሴቶች በበዓል ሲሰጣጡ በብዛት የሚመርጡት ፋት ኳርተር የሚባለውን ቁራጭ ነው። አንድ ያርድ ጨርቅ በቁመቱ አራት ቀጭን መቀነት አድርጎ ከመቁረጥ ይልቅ፣ በቁመትም በወርድም ለሁለት ይከፈላል፤ 18 በ22 ኢንች የሆነ፣ ለአበባም ለኮከብም የሚበቃ ሰፋ ያለ ቁራጭ ይወጣል። እኛም በሜትር እናድርገው፤ ወርዱ 110 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጨርቅ አንድ ሜትር ብትገዙ 50 በ55 የሆነ አራት ቁራጭ ታገኛላችሁ። ከጥንት ጀምሮ የሐሙስ ገበያዋ በታወቀው በሂርማታ፣ በአባ ጅፋር ዘመን የሩቅ አገር ነጋዴ ሲመላለስበት በነበረው ቦታ፣ ጨርቅ መምረጥ ለእኔ ትልቅ ደስታ ነው። ቀይ ከሆነ ግን ተጠንቀቁ። ጠርዙን አርሳችሁ በነጭ እራፊ እሹት፤ ነጩ ከቀላ ያ ጨርቅ የጎረቤቶቹን እራፊዎች ያበላሻል። የጥጥ ጨርቅ በመጀመሪያው እጥበት ስለሚሰበሰብም አጥባችሁና ተኩሳችሁ ስጡ። ለገበር አቡጀዲ የሚያህል የለም፤ ሁለት ሜትር አቡጀዲ የተሰጣት ሴት እንዴት እንደምትደሰት አይቻለሁ።

ምግብ እንስጥ የሚሉም አሉ። በእኛ ቡድን ይህ አይመቸኝም። ዕጣው ከገና በፊት ስለሆነ ክርስቲያኖቹ ከኅዳር 15 ጀምሮ የነቢያት ጾም ላይ ነን፤ ቅቤ ያለበት ኬክ አይበላም። ከመካከላችን ሙስሊም እናቶችና እህቶች አሉ፤ ይህ ጅማ ነው፣ ያለ እነሱ ቡድንም የለም። አዴ የምንላቸው አንዲት እናት ለኢድ ሁላችንንም ይጠራሉ፣ ለገና ደግሞ ቤታችን ይመጣሉ። በስጦታው ማንም ማንንም ይቅርታ መጠየቅ የለበትም። መርፌ፣ ክር፣ ሰም፣ መቀስ፣ ጠመኔ፤ በእነዚህ ማንም አይቸገርም።

እኚሁ አዴ አንድ ጊዜ የሰጡት ነገር እስካሁን ከልቤ አልወጣም። ያረጀች ነጠላ ነበረቻቸው፤ መሐሉ ተበልቶ ጥለቱ ብቻ ደህና ነበር። ጥለቱን ቆርጠው፣ እጅ የፈተለው ጨርቅ ሳሳ ያለና ዳሩ ቶሎ የሚተረተር ስለሆነ ከሥሩ ስስ ጨርቅ ደርበው፣ ጠርዙን አጥፈው ሰፍተው አመጡ። የደረሳት ልጅ «አዴ፣ ይህን እንዴት እቆርጠዋለሁ?» ስትላቸው፣ «ልጄ፣ ቁረጪው እንጂ! ሣጥን ውስጥ ከከተትሽውማ እኔው ጋ ይቀመጥ ነበር» አሏት። ቆረጠችው። አሁን የልጇ ብርድ ልብስ ዙሪያውን ያ ጥለት አለበት። ገንዘብ ያልወጣበት ነው፤ ከጣሪያውም በታች ነው፤ ከዚያ የሚበልጥ ስጦታ በቡድናችን አላየሁም። አሮጌ ነገር መስጠት ነውር የሚመስላችሁ ካላችሁ ሐሳባችሁን እንድትለውጡ እለምናችኋለሁ። ታጥቦ፣ ተደርቦ፣ ለሥራ ተዘጋጅቶ የመጣ አሮጌ ጨርቅ ከሱቅ ከመጣው ብዙ ድካም ያለበት ነው።

መጠቅለያውንም አትርሱ። የሚያብረቀርቅ ወረቀት ተቀድዶ ይጣላል፤ ግማሽ ሜትር የጥጥ ጨርቅ ግን ተፈትቶ ወደ ቅርጫቷ ይገባል፣ በክር ብታስሩትም ክሩ አይጠፋም።

የእኔ የዕጣ ጓደኛ ይህን ዝግጅት ስለምታደምጥ ስሟንም የገዛሁላትንም አልናገርም። በሚቀጥለው ክፍል ጥጡ በእጥበት ተሰብስቦ እንዳይጓጎል ረድፉ በምን ያህል ርቀት መሰፋት እንዳለበት እናወራለን። እስከዚያው መልካም የገና ዝግጅት ይሁንላችሁ፤ ሰላም ሁኑልኝ።