ኤቢሲዲ ዘፈኑና ንባቡ

ሰላም፣ እንዴት ከረማችሁ? ዛሬ ብቻዬን ነኝ። ስለ ልጆችና ስለ ታብሌት ላወራ ነው። አይዟችሁ፣ "ስልክ ልጆቻችንን አበላሸ" የሚለውን ወሬ አልደግምም። የኔ ጉዳይ የእንግሊዝኛ ንባብ ነው።

በፈረንጆቹ 2012 "ዋን ላፕቶፕ ፐር ቻይልድ" የሚባለው ድርጅት ወንጪና ወለንጪቲ ላሉ ልጆች በፀሐይ ኃይል ቻርጅ የሚደረጉ ታብሌቶች ሰጠ። አስተማሪ የለም፣ የሚያሳያቸው ሰው የለም። ካርቶኑ እንደታሸገ ነው የተሰጣቸው። መሥራቹ ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ እንደተናገረው፣ አንዱ ልጅ በ4 ደቂቃ ውስጥ ካርቶኑን ከፍቶ ማብሪያውን አገኘ። በ2 ሳምንት ኤቢሲዲን ይዘፍኑ ጀመር። በ5 ወር ደግሞ ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ ራሳቸው ከፈቱት።

ልጆቹ ጎበዞች ናቸው፣ አለቀ። እኔን የሚከነክነኝ ግን ዘፈኑ ነው።

ኤቢሲዲ የፊደሎቹ ስም ነው እንጂ ድምፃቸው አይደለም። በሀሁ ላደግን ሰዎች ይሄ ቶሎ አይታየንም። የኛ "በ" ስሟም ድምፅዋም ያው ነው። "ሲ፣ ኤ፣ ቲ" ብሎ የቆጠረ ልጅ ግን በየት በኩል ዞሮ "ካት" (ድመት) ላይ ይደርሳል?

ጥሩ አፕ የሚጠቅመው እዚህ ጋ ነው። ልጁ ፊደሏን ሲነካት ስሟን ሳይሆን ድምፅዋን ይሰማል። "ክ"፣ "ኣ"፣ "ት"። ፊደሎቹን ጎትቶ ሲያጠጋጋቸው ድምፁም አብሮ ይጋጠማል። መቶ ጊዜ ቢነካት አትሰለችም። እኔ አሥረኛው ላይ ፊቴ ይቀየራል፣ እውነቱን ለመናገር።

ጣጣው ያለው ሥዕሉ ላይ ነው። የማስጠናት አንዲት የኬጂ ልጅ አለች። አፑ ለትክክለኛ መልስ ኮከብ ይሰጣል፣ እሷም ታብሌቱ ላይ ኮከብ በኮከብ ናት። አንድ ቀን ያንኑ "ካት" የሚለውን ቃል ወረቀት ላይ ጻፍኩላት። ዝም አለች። ወረቀቱን ገለበጠችና "ሥዕሉስ?" አለችኝ። ለካ ስትመልስ የነበረው ድመቷን እያየች ነው! ሥዕል በሌለበት ደግሞ ከ3ቱ ምርጫ አንዱን ትነካለች፣ ካልሆነ ሌላውን። ኮከቡ እንደሆነ መዝነቡ አይቀርም።

አሁን ሥዕሉን በእጄ እሸፍንባታለሁ። ታኮርፋለች፣ ግን ታነባለች። ካነበበች በኋላ እከፍትላታለሁ። ታሪክ የሚያነቡ አፖች ላይም እንደዚያው ነው። መጀመሪያ አፑ ያንብብላት፣ እሷ የሚበራውን ቃል በጣቷ ትከተል። ሁለተኛ ዙር ላይ ድምፁን አጥፉትና ራሷ ታንብብ። እዚህ ጋ አጠገቧ ሰው ካልተቀመጠ ድምፁን መልሳ ትከፍተዋለች፣ እኔም ብሆን አደርገው ነበር።

የትኛውን እንጫን ለምትሉኝ፣ ካን አካዳሚ ኪድስ ነጻ ነው፣ ማስታወቂያም የለውም። ኔትወርክ እያለ መጽሐፎቹን ቀድማችሁ አውርዱ። ማስታወቂያ የሚበዛበትን አፕ ግን ተዉት። ልጁ ፊደል ነካሁ ብሎ የመኪና ጨዋታ ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ ማን ይመልሰዋል?

በሉ፣ ሳምንት እንገናኝ። ቻው።