በወረቀቱ ላይ ያለው ሰፈርና በቤቱ ውስጥ ያለው ሰው

የተከበራችሁ የዚህ ጉባኤ ተሳታፊዎች፣ የሥራ ባልደረቦቼና ተማሪዎች፤

በመካከላችሁ ቆሜ እንድናገር ስለጋበዛችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ። የምናገረው ሁላችሁም በእጃችሁ ስላለፈ አንድ ተራ ወረቀት ነው። የሰፈር ፕሮፋይል የምንለው ይህ ወረቀት ብዙውን ጊዜ ከአንድ ገጽ አይበልጥም፤ የነዋሪው ብዛት፣ የዕድሜ ስብጥር፣ የቤተሰብ መጠን፣ የትምህርት ደረጃ፣ የገቢ አማካይ፣ በኪራይና በራሱ ቤት የሚኖረው ሰው መቶኛ ይሰፍርበታል፤ ከግርጌውም ሁለት ዓረፍተ ነገር የምትሆን ማጠቃለያ ትታከልበታለች። ትምህርት ቤት የት እንደሚከፈት፣ አውቶቡስ በየት በኩል እንደሚያልፍ፣ ባንክ ለማን እንደሚያበድር የሚወስኑት ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ሰፈሩን ሳይረግጡ ይህን ገጽ አንብበው ነው።

እኔ በሥራ ዘመኔ ከሁለቱም ወገን ቆሜአለሁ። በወጣትነቴ ቅጽ ይዤ በር እያንኳኳሁ መረጃ ሰብስቤአለሁ፤ በኋላ ደግሞ ቢሮ ተቀምጬ ሌሎች የሰበሰቡትን እየደመርኩ ፕሮፋይል ጽፌአለሁ። ከዚህ ሁሉ የቀረልኝ እምነት የሚከተለው ነው፤ ማንኛውም ፕሮፋይል አንድ አካል ለራሱ ጉዳይ ላቀረበው ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው፤ የምንሳሳተውም ጥያቄውን ማን፣ ምን ፈልጎ እንደጠየቀ ሳናጣራ መልሱን የነዋሪዎቹ ኑሮ አድርገን ስናነበው ነው።

ታሪኩን ወደ ኋላ ብንሄድበት ይህ በግልጽ ይታያል። ቻርልስ ቡዝ የተባለው እንግሊዛዊ የመርከብ ድርጅት ባለቤት እ.ኤ.አ. በ1886 የጀመረው ጥናት በ1889 የታተመውን ዝነኛ የለንደን የድህነት ካርታ አስገኘ። በካርታው ላይ ጎዳናዎቹ ከጥቁር እስከ ቢጫ ባሉ ሰባት ቀለሞች ተቀብተዋል፤ ቢጫው የባለጸጎቹ፣ ጥቁሩ ከሁሉ በታች ያሉት ነው። የቡዝ ጥያቄ በከተማው ስንት ድሃ አለ የሚል ነበር፤ መልሱም ከነዋሪው 30.7 በመቶ ሆኖ ሲገኝ ጉዳዩን አቅልለው ይመለከቱ የነበሩትን ሰዎች አፋቸውን አስያዘ። ለዚያ ጥያቄ ካርታው በእጅጉ የሚመሰገን ሥራ ነው። ይሁን እንጂ መረጃው በአመዛኙ የተገኘው ልጆች ትምህርት ቤት መግባታቸውን ለመከታተል በየቤቱ ከሚዞሩ ሠራተኞች እንጂ ከነዋሪዎቹ አፍ አልነበረም፤ በጥቁሩ ቀለም ማብራሪያ ላይም «ምግባረ ብልሹ» እና «ከፊል ወንጀለኛ» የሚል ትርጉም ያላቸው ቃላት ሰፈሩ። ድህነትን ሊቆጥር የወጣው ሥራ የሰዎችን ጠባይ መዝግቦ ተመለሰ፤ በዚያ ጎዳና ትናንት የተወለደ ሕፃንም ከቀለሙ አላመለጠም።

ጥቂት ዓመታት ቆይቶ፣ በ1896 እና በ1897፣ ደብልዩ ኢ ቢ ዱ ቦይስ የተባለው ጥቁር አሜሪካዊ ምሁር በአሜሪካ ወዳለችው ፊላደልፊያ ከተማ ሰባተኛ ቀጠና ሲሄድ ሌላ መንገድ መረጠ። ከባለቤቱ ጋር እዚያው ቀጠና ውስጥ ቤት ይዞ ተቀመጠ፤ ወደ 10 ሺህ የሚጠጉትን ጥቁር ነዋሪዎችም ቤት ለቤት እየዞረ ራሱ ጠየቀ። የእርሱም ሥራ በሰንጠረዥ የተሞላ ነው፤ ቁጥርን አልናቀም። ነገር ግን ከሩቅ የሚያይ ሰው አንድ ወጥ ሕዝብ አድርጎ በሚያስበው ቀጠና ውስጥ በኑሮ፣ በሥራና በትምህርት እጅግ የተራራቁ ሰዎች ጎን ለጎን እንደሚኖሩ አሳየ። ይህን ልዩነት ቸል ማለት በእርግጠኝነት ሕዝቡን በተሳሳተ መንገድ ወደ መረዳት እንደሚወስድም አስጠነቀቀ። ቡዝም እርሱም በትጋት የሚታሙ አይደሉም፤ ልዩነታቸው ጥያቄውን ከየት ቆመው እንደጠየቁት ነው።

ከዚህ የከፋው የመጣው ጥያቄው የብድር ሲሆን ነው። በአሜሪካ በ1933 የተቋቋመው የቤት ባለቤቶች ብድር ኮርፖሬሽን ከ1935 ጀምሮ ባሉት ዓመታት ከ200 በላይ ለሚሆኑ ከተሞች ካርታ አዘጋጀ፤ ሰፈሮቹንም አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫና ቀይ ቀለም እየቀባ በአራት ደረጃ መደበ። ለየሰፈሩ በተሞላው ቅጽ ላይ ስለ ቤቶቹ ዕድሜና ሁኔታ ከሚጠይቁት መስመሮች ጋር፣ በውጭ አገር የተወለዱ ቤተሰቦች ስንት በመቶ እንደሆኑና ጥቁሮች ይኖሩበት እንደሆነ የሚጠይቁ መስመሮች ነበሩ። ጥቁሮች የሚኖሩበት ሰፈር ከቀይ የሚያመልጠው ከስንት አንዴ ነበር። ካርታው ራሱ ምን ያህል ጉዳት እንዳደረሰ፣ በ1934 የተቋቋመው የፌዴራል ቤቶች አስተዳደር የራሱ የብድር ዋስትና ደንብ ደግሞ ምን ያህል እንዳደረሰ የታሪክ ሰዎች እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል፤ እኔም የኋለኛው ክንድ ይከብድ ነበር ከሚሉት ጋር ነኝ። የአሠራሩ ውጤት ግን አያከራክርም። ብድር የተከለከለ ሰፈር ጣሪያው አይታደስም፤ ጣሪያው ያልታደሰ ቤት ዋጋው ይወርዳል፤ የሚቀጥለው መዝጋቢ ሲመጣም የቀድሞው ፕሮፋይል ልክ እንደነበረ አይቶ ይፈርማል። ኑሮው ወረቀቱን መምሰል ጀመረ ማለት ነው።

በ1970ዎቹ ደግሞ ጥያቄው የገበያ ሆነ። ክላሪታስ የተባለው ድርጅት የአሜሪካን የፖስታ ኮድ ክልሎች በ40 ዓይነት ከፍሎ ለእያንዳንዱ ዓይነት የሚማርክ ስም አወጣለት፤ ሐሳቡም ተመሳሳይ ሰዎች በአንድ አካባቢ ይሰፍራሉ የሚል ነው። ለነጋዴ ይህ በቂ ነው፤ ከመቶ ሰው አሥሩ ቢገዛው ያተርፋልና የቀሩት ዘጠና ምን ዓይነት ሰዎች እንደሆኑ አይጨነቅበትም። ሆኖም የአሜሪካ የፖስታ ኮድ የተፈጠረው በ1963 ለፖስታ ዕደላ እንዲያመች ነበር። ለደብዳቤ የተሰመረ መስመር የሰዎች ማንነት ድንበር ተደርጎ መወሰዱ ሁልጊዜ ይደንቀኛል።

አሁን ወደ ስሌቱ ልግባ፤ ተማሪዎች በተለይ ይህን ልብ እንድትሉልኝ እሻለሁ። በ1950 ዊሊያም ሮቢንሰን የተባለ አሜሪካዊ ምሁር የ1930ን የሕዝብ ቆጠራ ይዞ፣ በውጭ አገር መወለድና ማንበብና መጻፍ አለመቻል ምን ተዛምዶ እንዳላቸው መረመረ፤ ተዛምዶ ሁለት ነገሮች ምን ያህል አብረው እንደሚጨምሩ ወይም በተቃራኒው እንደሚሄዱ ከአሉታዊ አንድ እስከ አዎንታዊ አንድ የሚለካ ቁጥር ነው። በዚያን ጊዜ የነበሩትን 48 የአሜሪካ ግዛቶች እንደ ግዛት ሲያነጻጽር ተዛምዶው ከዜሮ በታች 0.526 ሆነ፤ በውጭ አገር የተወለደ ሰው በበዛበት ግዛት መሃይምነት ያንሳል ማለት ነው። የነዋሪዎቹን መረጃ በየግለሰቡ ሲመለከት ግን ምልክቱ ተገለበጠና ከዜሮ በላይ 0.118 ሆነ፤ በውጭ የተወለዱት በጥቂቱም ቢሆን ይበልጥ ማንበብ የማይችሉት ነበሩ። ምስጢሩ ቀላል ነው፤ መጤዎቹ የሰፈሩት የአገሬው ተወላጅ ይበልጥ በተማረበት ግዛት ነበር። ሁለቱም ቁጥሮች ትክክል ናቸው። አንዱ ስለ ቦታ ይናገራል፣ ሌላው ስለ ሰው፤ የቦታውን ቁጥር ይዞ ስለ ሰው የተናገረ ግን እውነቱን ገልብጦ ተናገረ።

የመስመሩ ነገርም እንዲሁ ነው። ኦፐንሾውና ቴይለር የተባሉ የጂኦግራፊ ምሁራን በ1979 ባሳተሙት ሥራ የአሜሪካዋን አይዋ ግዛት 99 አውራጃዎች ወስደው፣ በአረጋውያን መቶኛና ለሪፐብሊካን ፓርቲ በተሰጠው ድምፅ መቶኛ መካከል ያለውን ተዛምዶ አሰሉ፤ ከዚያም አውራጃዎቹን በተለያየ መንገድ እያጣመሩ እንደገና አሰሉት። እንደ ማጣመሪያው ሁኔታ ውጤቱ ከአንድ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ፣ ወደ አሉታዊ አንድ ከተጠጋው እስከ አዎንታዊ አንድ እስከሚጠጋው ድረስ ተመላለሰ። አንድም ሰው ቤቱን አልለቀቀም፤ አንድም ድምፅ አልተለወጠም።

ስለ አማካይ ብዙ አልልም፤ 500 ሰዎች ሃያ ዓመት፣ 500 ሰዎች ደግሞ 66 ዓመት የሆናቸው ሰፈር አማካይ ዕድሜው 43 ነው፤ በሰፈሩ ግን የ43 ዓመት ሰው አይገኝም። የናሙናን ጉዳይ ግን ማለፍ አልችልም። የአሜሪካ ቆጠራ መሥሪያ ቤት ከ2005 ጀምሮ በመላው አገሪቱ የሚያካሂደው ዓመታዊ ጥናት በአሁኑ ወቅት በዓመት ወደ 3.5 ሚሊዮን ለሚደርሱ አድራሻዎች ቢላክም፣ ለትንንሽ ሰፈሮች የሚወጣው አኃዝ የአምስት ዓመት መልስ በአንድነት ተደምሮ የሚገኝ ግምት ነው፤ ከጎኑም የስሕተቱ ወሰን፣ ማለትም ግምቱ ከእውነተኛው ቁጥር ምን ያህል ሊርቅ እንደሚችል፣ ተጽፎ ይወጣል። ሰንጠረዡን የሚገለብጠው ሰው መጀመሪያ የሚቆርጠው ግን ያንን የስሕተት ወሰን የያዘውን ዓምድ ነው፤ ገጹን ያጣብባልና። እኔም ቆርጬዋለሁ።

ከቢሮው ልውጣና ወደ አንድ መወጣጫ ደረጃ ልውሰዳችሁ። መረጃ ሰብሳቢ ሳለሁ በአንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት በሮች ነበሩ። በቀኝ በኩል የሌሊት ተረኛ የሆነች ነርስ ከስድስት ዓመት ልጇ ጋር ትኖራለች፤ በግራ በኩል ጡረታ የወጡ አንዲት እናት ለብቻቸው ይኖራሉ። እሳቸውን «በዚህ ቤት ስንት ሰው ይኖራል?» ብዬ ስጠይቃቸው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝና «በቀን ነው በማታ የምትጠይቀኝ ልጄ?» አሉኝ። ልጁ እናቱ ተረኛ በሆነችበት ሌሊት ሁሉ የሚያድረው እሳቸው ዘንድ ነው፤ ትንሹ ጫማው በሩ አጠገብ ከእሳቸው ጫማ ጎን ተደርድሮ ይታየኝ ነበር። ነርሷ ደግሞ ጠዋት ስትመለስ የእሳቸውን የደም ግፊት ሳትለካ አትተኛም። ቅጼ ላይ ግን ለዚህ የሚሆን ቦታ አልነበረም። በግራው በር «1»፣ በቀኙ በር «2» ብዬ ጽፌ ወረድኩ።

ያ ጽሑፍ ሲደመር ምን እንደሆነ ላስረዳችሁ። በፕሮፋይሉ ላይ በአንድ ረድፍ «ለብቻቸው የሚኖሩ አረጋውያን»፣ በሌላ ረድፍ «እናት ብቻ የምትመራቸው ቤተሰቦች» ተብለው ሁለት ችግሮች ሆነው ወጡ፤ በደረጃው ላይ ግን አንዱ ለሌላው መፍትሔ ነበር። በኋላ ያንን ፕሮፋይል መሠረት አድርጎ ከቀረበ ረቂቅ ውስጥ፣ ብቻቸውን የሚኖሩትን አረጋውያን ለጤና አገልግሎት ወደሚቀርብ ሕንፃ ማዛወር የሚል ሐሳብ አነበብኩ። በወረቀት ሲታይ ነውር የሌለበት፣ እንዲያውም ደግነት ያለበት ሐሳብ ነው። ቢፈጸም ግን ልጁ ማደሪያ፣ ጡረተኛዋ እናትም በየጠዋቱ የደም ግፊታቸውን የምትለካላቸውን ነርስ ያጡ ነበር። ረቂቁ የቀረው በገንዘብ እጥረት ነው፤ ስሕተቱን አይቶ ያስቆመው ሰው የለም፣ እኔንም ጨምሮ።

በዚያው ሕንፃ ምድር ቤት አንድ ሰው «ዋና ሥራህ ምንድን ነው?» ስለው ጠዋት ዕቃ እንደሚያደርስ፣ ከሰዓት በኋላ ብስክሌት እንደሚጠግን፣ ማታ ጥበቃ እንደሆነ ነገረኝ፤ ከዚያም «ዋናው የቱ እንደሆነ አንተ ምረጥልኝ» ብሎ ሳቀ። መስመሩ አንድ ስለነበር «ጥበቃ» ብዬ ጻፍኩ። እጁ በብስክሌት ቅባት እንደጠቆረ ነበር።

ከዚህ ሁሉ ተነሥቼ ፕሮፋይል ይቅር አልልም። ቁጥር ባይኖር ቡዝ ድህነቱን ማሳየት አይችልም ነበር፤ ቀይ ቀለም የተቀባባቸው ሰፈሮች የደረሰባቸውን በደል ዛሬ የምናረጋግጠውም በዚያው መዝገብ ነው። የምጠይቀው ከዚያ ያነሰ ነገር ነው። በየፕሮፋይሉ ራስጌ ላይ ጥያቄውን የጠየቀው አካል፣ የጠየቀበት ጉዳይና መረጃው የተሰበሰበበት ዓመት ይጻፍ። የስሕተት ወሰኑ ዓምድ ገጹን ቢያጣብብም አይቆረጥ። ማጠቃለያዋን የሚጽፍ ሰው «ነዋሪዎቹ እንዲህ ናቸው» ከማለት ይልቅ «ከነዋሪዎቹ ይህን ያህሉ እንዲህ ብለው መለሱ» ብሎ ይጻፍ፤ ዓረፍተ ነገሩ ቢያምርም ባያምርም። ለአንድ ጉዳይ የተሠራውን ፕሮፋይል ለሌላ ጉዳይ የሚያውል መሥሪያ ቤትም ቢያንስ አሥር በር ያንኳኳ።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ገጹ ከመጽደቁ በፊት ለተጻፈባቸው ሰዎች ይነበብላቸው። ይህን አንድ ጊዜ ሞክሬዋለሁ። ሰዎቹ በገቢው ይቆጣሉ፣ በትምህርቱ ደረጃ ይከራከራሉ ብዬ ማስረጃ ጭኜ ሄጄ ነበር፤ ያንን ግን ዝም ብለው አዳመጡት። ጫጫታው የተነሣው ካርታውን ስዘረጋ ነው። ከኋላ የተቀመጡ አንዲት ሴት ተነሥተው መጡና የሰፈሩ ወሰን ተብሎ የተሰመረውን ዋና መንገድ በጣታቸው እየነኩ፣ ከመንገዱ ማዶ ያሉት ለቅሶ የሚደርሷቸውና ልጅ የሚያሳድጉላቸው ጎረቤቶቻቸው መሆናቸውን፣ በወሰኑ ውስጥ የተካተተውን የሰሜኑን ጫፍ ግን ከነጭራሹ እንደማያውቁት ተናገሩ። እርሳስ ሰጠኋቸው። ሌሎችም እየተነሡ ጨመሩበት፤ አንዱ የሰመረውን ሌላው እየሰረዘ እስኪመሽ ቆየን። በመጨረሻም ሁሉም የተስማሙበት አንድ መስመር አልተገኘም፤ ካርታውን ከነስርዝ ድልዙ ከፕሮፋይሉ ጋር አያይዤ አስገባሁት።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።