ጂ አዲስ አበባ ላይ ስንት ነው? ፊዚክስን በቪዲዮ፣ በሲሙሌሽንና ከርቀት በሚመራ ሙከራ ስለማስተማር የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ የፊዚክስ መምህራን፣ የቤተ ሙከራ ባልደረቦች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

በአንድ ቁጥር እንጀምር። የስበት ፍጥንጥነት፣ ጂ የምንለው፣ በመማሪያ መጽሐፍ 9.8 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር ነው። ፈተና ሲቃረብ ደግሞ 10 ይሆናል። አዲስ አበባ ላይ ግን ከ9.78 ጥቂት ያንሳል፤ የቼክ ዋና ከተማ ፕራግ ላይ 9.81 ነው። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ነን፤ በዚያ ላይ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ወጥተናል። ትልቁ ድርሻ የኬክሮሱ ነው፤ ከፍታው የሚቀንሰው ከ0.01 አይበልጥም። ጠቅላላ ልዩነቱ 0.35 በመቶ ገደማ ነው።

ይህችን ትንሽ ልዩነት የመረጥናት የትኛው መሣሪያ ምን ማሳየት እንደሚችል ስለምታጋልጥ ነው። መልቲሚዲያ ሲባል ብዙ ጊዜ ሁሉም በአንድ ከረጢት ይጨመራል። ሲሙሌሽን፣ የተቀረጸ ቪዲዮ፣ ስልክ፣ ሌላ አገር ያለን መሣሪያ በኢንተርኔት ማንቀሳቀስ፣ እያንዳንዱ የሚመልሰው ጥያቄ የተለያየ ነው።

ሲሙሌሽንን፣ ማለትም በኮምፒውተር የሚሠራ የማስመሰያ ሙከራን፣ እናስቀድም። እ.ኤ.አ. በ2002 በኖቤል ተሸላሚው ካርል ዊማን አማካይነት በኮሎራዶ ቦልደር ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው ፌት የተባለው የሲሙሌሽን ስብስብ በነፃ የሚገኝ ነው። አዲሶቹ ሲሙሌሽኖች አንድ ጊዜ ወርደው በፍላሽ ይዞራሉ፤ ከዚያ በኋላ ያለ ኢንተርኔት በማንኛውም ብራውዘር ይከፈታሉ። የፔንዱለሙ፣ ማለትም ተንጠልጥሎ የሚወዛወዝ ክብደት፣ ሲሙሌሽን ርዝመቱን፣ ክብደቱን፣ ስበቱንና ሰበቃውን ያስለውጣል። ለመተንበይ ግሩም ነው። ተማሪው ማውሱን ከመንካቱ በፊት «ክብደቱ እጥፍ ቢሆን የአንድ ውዝዋዜ ጊዜ ይጨምራል፣ ይቀንሳል ወይስ አይለወጥም?» የሚለውን በወረቀት ይመልስ፤ ወረቀቱንም ሰብስቡት። ይህ ካልተደረገ ሰዓቱ ቁልፍ በማንሸራተት ያልቃል።

የአዲስ አበባን ጂ ግን ሲሙሌሽን ሊነግረን አይችልም። ያስቀመጡበትን ነው መልሶ የሚሰጠው፤ 9.81 አስገብቶ 9.81 ያገኘ ተማሪ ፕሮግራሙ በትክክል እንደሚያሰላ አረጋገጠ እንጂ ምድርን አልለካም። ሲሙሌሽን ለሙከራ ምትክ ተደርጎ ነጥብ ሲሰጥበት ማየት የሚያሳስበን ለዚህ ነው።

ወደ እውነተኛው ክር እንምጣ። 1 ሜትር ርዝመት ያለው ፔንዱለም አዲስ አበባ ላይ አንድ ሙሉ ውዝዋዜ በ2.010 ሰከንድ ይጨርሳል፣ ፕራግ ላይ በ2.006። በ50 ውዝዋዜ ልዩነቱ 0.17 ሰከንድ ይሆናል። የሰው እጅ ሰዓት ሲያስነሳና ሲያቆም የሚስተው ደግሞ ወደ 0.2 ሰከንድ ነው። ስለዚህ በ50 ውዝዋዜ አዲስ አበባና ፕራግ አይለዩም። በ200 ውዝዋዜ ልዩነቱ 0.7 ሰከንድ ይደርሳል፤ የእጅ ስህተት ግን ያው 0.2 ነው። ስሌቱ ይህ ብቻ ነው፤ ተማሪ በራሱ ሲደርስበት ስለ ስህተት ከሚሰጥ የአንድ ወር ገለጻ ይበልጣል።

200 መቁጠር ሰባት ደቂቃ የማይሞላ ሥራ ነው፤ የሚበላሸው በሌላ በኩል ነው። አንደኛ፣ ሲለቁት «አንድ» ብሎ መጀመር። ሲለቁት የሚባለው «ዜሮ» ነው። በ50 ውዝዋዜ አንድ ቢሳት ጂ 10.18 ይወጣል። ሁለተኛ፣ አርቆ መልቀቅ። በ20 ዲግሪ የተለቀቀ ፔንዱለም ይዘገያል፣ ጂም 9.63 አካባቢ ይመጣል። 1 ሜትር ላይ ወደ ጎን 9 ሳንቲሜትር መሳብ 5 ዲግሪ ነው፤ ከዚያ አትለፉ። ሦስተኛው ርዝመቱ ነው። የሚለካው ከተንጠለጠለበት ነጥብ እስከ ክብደቱ ማዕከል ነው፤ 1 ሚሊሜትር ብትስቱ ጂ 0.1 በመቶ ይስታል። ሲባጎ እየተለጠጠ ያስቸግራል፣ ቋጠሮም ይንሸራተታል። ቀጭን የብረት ሽቦ በሁለት ብረቶች መካከል በብሎን ይታሰር። ለክብደት የግንበኛ ቱምቢ ይበቃል፤ ቅርጹ ሹል ስለሆነ ግን ማዕከሉን ጣት ላይ አመዛዝኖ በቀለም ምልክት ማድረግ ያስፈልጋል።

ቪዲዮ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ በየትምህርት ቤቱ ያለው እርሱ ነውና። ትራከር የተባለው ነፃ ፕሮግራም ቪዲዮን ፍሬም በፍሬም (በነጠላ ምስሎች) እየከፈለ የዕቃውን ቦታ በማውስ እያስጫነ ያስመዘግባል። ከ1.5 ሜትር የተለቀቀ ኳስ 0.55 ሰከንድ ይወድቃል፤ በሰከንድ 30 ፍሬም የሚቀርጽ ስልክ 16 ያህል ነጥብ ይሰጣል። ለግራፍ በቂ ነው። ግን ስልኩ ክፍል ውስጥ ብርሃን ሲያንሰው ለእያንዳንዱ ፍሬም ረዘም ላለ ጊዜ ብርሃን ይሰበስባል። ኳሱ መሬት ሊነካ ሲል በሰከንድ ከ5 ሜትር በላይ ስለሚጓዝ በ1/60 ሰከንድ ውስጥ 9 ሳንቲሜትር የሚረዝም ጭረት ይሆናል፤ ያንን ጭረት የት ላይ እንጫን? መድኃኒቱ ርካሽ ነው፦ ውጡ፣ በቀትር ፀሐይ ቅረጹ። አንዳንድ ስልክ በዝቅተኛ ብርሃን የፍሬሙን ፍጥነት ራሱ ይለዋውጣል፤ ትራከር ግን እኩል ነው ብሎ ያሰላል። ጎን ላይ የሚሮጥ ዲጂታል ሰዓት አስቀምጣችሁ አብራችሁ ብትቀርጹት ወዲያው ይታወቃል።

ብዙዎችን የሚጥለው ለፕሮግራሙ የርዝመት ማነጻጸሪያ የሚሆነው ማስመሪያ ነው። ማስመሪያው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ኳሱ ከግድግዳው 10 ሳንቲሜትር ወደ ካሜራው ቀርቦ ይወድቃል። ካሜራው ከኳሱ 2 ሜትር ላይ ከሆነ ማስመሪያው 5 በመቶ አንሶ ይታያል፣ ጂም 10.3 ሊጠጋ ምንም አይቀረው። ማስመሪያው ኳሱ በሚወድቅበት ሥፍራ ይቁም፣ ካሜራው ወደ 4 ሜትር ይራቅ፣ ኳሱ የምስሉ መሀል ላይ ይውደቅ፤ የሌንሱ ዳር ያጣምማልና። በመጨረሻም ፕሮግራሙ ለቦታና ጊዜ ግራፍ የሚሰጠው የስኩዌሩ አባዢ የጂ ግማሽ ነው። «4.9 አገኘሁ፣ ተበላሸ» የሚል ተማሪ በየክፍሉ አይጠፋም።

ከርቀት የሚመራ ሙከራ ደግሞ እጃችን የማይደርስበትን ያመጣል። ፕራግን ከዚህ ሆነን መለካት አንችልም፤ ፔንዱለሙ እዚያ ካለ ግን እንችላለን። የሊዝበኑ ኢንስቲቱቶ ሱፔሪዮር ቴክኒኮ የሚያስተባብረው የዓለም ፔንዱለም ፕሮጀክት በተለያየ ኬክሮስ ላይ ተመሳሳይ ፔንዱለሞችን ተክሏል። ተማሪው ምን ያህል ተስቦ እንደሚለቀቅና ስንት ውዝዋዜ እንደሚለካ ይመርጣል፣ መሣሪያው የጊዜ ሠንጠረዥ ይመልሳል። በስዊድን ብሌኪንጌ የተጀመረው ቪዚር ደግሞ ለኤሌክትሪክ ሰርኪዩት ነው፤ ተማሪው በስክሪን ላይ የሚያገናኘውን ሽቦ እዚያ ያሉ እውነተኛ ሪሌዎች (በኤሌክትሪክ የሚታዘዙ ማብሪያ ማጥፊያዎች) ያገናኙታል።

ልዩነታቸውን አስተውሉ። ቪዚር አንዱን ልኬት ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ ስለሚጨርስ ብዙ ተማሪ በአንድ ጊዜ ይጋራዋል። ባለ 1 ሜትር ፔንዱለም ግን ለ200 ውዝዋዜ 7 ደቂቃ ያህል ይይዛል፤ 50 ተማሪ ተራ ቢጠብቅ 6 ሰዓት ሊሞላ ነው። ስለዚህ ሁሉም አይግባ። መምህሩ ከአንድ ቀን በፊት ያስሩጥ፣ ሠንጠረዡን ለየቡድኑ ይስጥ፣ በክፍለ ጊዜው አንድ ቡድን ብቻ በቀጥታ ያስሞክር። ሠንጠረዡ ጥቂት ኪሎባይት ነው፤ በደካማ ኔትወርክም ይደርሳል። የፔንዱለሙ የቀጥታ ቪዲዮ ቢቆራረጥ ምንም አይደለም፣ ጊዜው የሚመዘገበው መሣሪያው ዘንድ ነው። በእጁ ሰዓት ይዞ ከካሜራው ምስል ላይ የሚለካ ተማሪ ግን የኔትወርኩን መዘግየት እየለካ ነው፤ ይህን ከልክሉ፣ ወይም አስደርጋችሁ ውጤቱን አነጻጽሩ።

የራሳችሁን መትከል ለምትፈልጉ፦ ቱምቢው በሚያልፍበት ዝቅተኛ ነጥብ ላይ የማይታይ ጨረር የሚለቅ ኢንፍራሬድ ኤልኢዲና ጨረሩን የሚቀበል ፎቶትራንዚስተር ፊት ለፊት ይደረጋል። ቱምቢው በአንድ ውዝዋዜ ጨረሩን ሁለት ጊዜ ያቋርጣል፤ ፕሮግራሙ አንዱን እየዘለለ ይቁጠር፣ ጨረሩ መሀል ላይ በትክክል ካልተቀመጠ ሁለቱ ግማሾች እኩል አይሆኑምና። ለመቁጠሪያ የሚገዛው ሰሌዳ ላይ ደግሞ አንድ ወጥመድ አለ። በየገበያው ያለው አርዱዊኖ ኡኖ በአብዛኛው ጊዜ የሚቆጥረው ሴራሚክ ሬዞኔተር በሚባል የጊዜ ምት ሰጪ ነው፤ እርሱ እስከ 0.5 በመቶ ሊስት ይችላል። ይህ ጂን 1 በመቶ ያዛባል፣ የምንፈልገው ልዩነት ሦስት እጥፍ ማለት ነው። ቁጥሮቹ በአራት ዲጂት ተውበው ስለሚመጡ ማንም አይጠረጥርም። ኢኤስፒ 32 የተባለው ሰሌዳ ግን ጊዜን ይበልጥ በትክክል በሚቆጥር ኳርትዝ ክሪስታል ስለሚሠራ እርሱን ምረጡ።

ማስለቀቂያው ኤሌክትሮማግኔት ከሆነ ቱምቢው ናስ ይሁንና ትንሽ የብረት ሳንቲም ይለጠፍበት፤ ሙሉ ብረት ከሆነ የቀረ ማግኔትነት ሲለቀቅ ወደ ጎን ይጎትተውና ሞላላ መዞር ይጀምራል። ሙከራውን ለኢንተርኔት የሚያቀርበው ራስፕቤሪ ፓይ የተባለው ትንሽ ኮምፒውተር መብራት በድንገት ሲጠፋ የማስታወሻ ካርዱ ሊበላሽ ይችላል። ትንሽ ዩፒኤስ (መጠባበቂያ ባትሪ) አስገቡ፣ ካርዱንም ለንባብ ብቻ አድርጋችሁ አዋቅሩት። የትምህርት ቤት ኢንተርኔት አብዛኛውን ጊዜ ከውጭ የሚመጣ ግንኙነት ስለማይቀበልም ፓይው ራሱ ከውጭ ሰርቨር ጋር እንዲገናኝ አድርጉ።

አሁን ሻይ አለ። ከሻይ በኋላ የኋላው ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ቱምቢ በአምስት በአምስት ሆናችሁ ትለካላችሁ፤ ግማሹ ቡድን 50፣ ግማሹ 200 ይቁጠር። ያገኛችሁትን ሳታጠጋጉ፣ ከነስህተቱ ሰሌዳው ላይ ጻፉ። የሽቦውን ርዝመት አንነግራችሁም፤ ሜትሩ ጠረጴዛው ላይ ነው።